ሠራተኛ ከመወጣጫ ወድቆ «አቴንዳንሱ ላይ ቀርቷል በል» ተባልኩ፤ ባህር ዳር ላይ የሥራ አደጋ ለማን ነው የሚነገረው?

ታይም ኪፐሩ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባህር ዳር፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው በኩል በሚሠራ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ላይ ታይም ኪፐር ነኝ፤ ሠራተኛው መግባት መቅረቱ የሚጻፍበትን አቴንዳንስ የምይዘው እኔ ነኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ የገመታችሁም ካላችሁ እዚህ አትጻፉብኝ፣ እንጀራዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት የውጭ ልስን ላይ የነበረ አንድ ለሳኝ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀ። መወጣጫው የምታውቁት አጣና ነው። የሚረግጡበት ጣውላ ሚስማር የተመታው በአንድ ጫፉ ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጣውላው ረጥቧል። ልጁ ባልዲ ለመቀበል ወደ ባዶው ጫፍ ሲጠጋ ጣውላው ተነሳበትና ታች የተከመረ የብሎኬት ስብርባሪ ላይ አረፈ። ጓደኞቹ አፋፍሰው ባጃጅ ውስጥ ከተቱት። ሐኪሞቹ የወገቡ አጥንት ተሰንጥቋል፣ ግራ እግሩም ተሰብሯል ብለዋል።

አሠሪዬን ላለመበደል፣ የሕክምናውን እየከፈለ ነው። ለሚስቱም ለአስቤዛ ብሎ ሰጥቷል። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። ፎርማኑ መጣና «የወደቀበትን ቀን ግማሽ ቀን አድርገው፣ ከዚያ በኋላ ቀርቷል ብለህ ሙላ» አለኝ። ለምን ስለው «በሽማግሌ እያለቀ ነው፤ መንግሥት ቤት ምን ያስገባናል» አለ። እስካሁን አልሞላሁም፣ የልጁን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። ግን ቅዳሜ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር) ይዘጋል።

አሠሪ እንዲህ ያለ ከባድ አደጋ ሲደርስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት? ካለበት ለማን? እሱ ዝም ካለስ እኔ ወይም ቤተሰቡ ብንናገር ሰሚ አለ?

ፌራዮ ነኝ

ወንድሜ፣ እኔ ብረት ሳስር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ለመንግሥት ሲነገር ያየሁት ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ እሱም ፖሊስ ሬሳ ለማንሳት ስለሚመጣ። ጣቱ የተቆረጠ፣ ዓይኑ የፈሰሰ፣ ወገቡ የተቀጨ፣ ሁሉም «ማርያም ትማርህ» ተብሎ ወደ አገሩ ይሸኛል። ከአዴት ይምጣ ከመርዓዊ ማንም አይጠይቅም። ሕጉ የለም አልልም። ሳይት ላይ ሲደርስ ግን አላየሁትም።

ፍርድ ቤት በር

ታይም ኪፐሩ፣ ባዶ መተውህ ደግ አደረግህ። በሠራተኛ ጉዳዮች ላይ ስለምሠራ የማውቀውን ልበል።

ግዴታው አለ፣ ያውም በግልጽ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው ደህንነትና ጤንነት ማድረግ ያለበትን ሲዘረዝር፣ ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ በሥራ ላይ የሚደርሱ አደጋዎችንና በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን መመዝገብ፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ማሳወቅ አለበት ይላል። መመዝገብም ማሳወቅም ነው፤ አንዱን አድርጎ ሌላውን መተው የለም። «ከባድ ሲሆን» ወይም «ሲሞት» የሚል ነገር አልተጨመረበትም።

ለማን? በእኛ ክልል ተቆጣጣሪዎቹ ያሉት በሥራና ስልጠና ቢሮ ሥር ነው። ባህር ዳር ላይ የከተማውን መምሪያ ጠይቁ፤ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል የት ነው ስትሉ ያሳዩዋችኋል። ቀድሞ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚባለው ቤት ነው፤ ብዙ ሰው አሁንም በድሮ ስሙ ነው የሚፈልገው።

አሁን ሰዎች የማያስተውሉትን ልንገርህ። አሠሪው ሕክምና መክፈሉ ቸርነት አይደለም። አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካሉ የእሱ ዕዳ ነው። ልጁ በተኛበት ጊዜ ደግሞ ክፍያ አለው፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። እንግዲህ አቴንዳንሱ ላይ «ቀርቷል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስላው። የቀረ ሰው ደመወዝ የለውም። ለአስቤዛ የተሰጠው ብር ስጦታ ተብሎ ይቀራል፣ ልጁም ከሥራ የጠፋ ሰው ሆኖ ይመዘገባል።

ኮንትራክተር ነኝ አልሸሽም

ሁላችሁም በአንድ ወገን እየፈረዳችሁ ነው፣ እኔም ልናገር። ከዚህ ሳይት ጋር ግንኙነት የለኝም፤ ከተማው ውስጥ ግን ሕንፃ እሠራለሁ።

አንደኛ፣ ለሳኙ የማን ሠራተኛ ነው? እኔ ልስኑን በካሬ ሒሳብ ለአንድ ሰው ሰጥቻለሁ እንበል። እሱ የራሱን ልጆች ይዞ ይመጣል። ዛሬ የመጣው ነገ አይመጣም፣ ስሙን እንኳ አላውቀውም። ሁለተኛ፣ ሄልሜት ገዝቼ ሰጥቻለሁ፤ ሙቀት ነው ብለው ሚስማር መያዣ ያደርጉታል። ሦስተኛ፣ ሪፖርት ባደርግ ምን ይጠቅመኛል? ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ሥራ ይቆማል፣ ባለቤቱ በመዘግየት ቅጣት ይይዘኛል። ሲሚንቶው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ሽማግሌ ተቀምጦ ለተጎዳው ልጅ በእጁ ገንዘብ ቢገባ ከዚህ ሁሉ ወረቀት አይሻልም? እኛ አገር ነገር በሽምግልና ነው የሚያልቀው፤ ይህን ነውር ማድረግ አይገባም።

ፍርድ ቤት በር

«የማን ሠራተኛ ነው» ላሉት፦ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ክርክሩም ሁልጊዜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን በራሱ ኪሳራና ትርፍ፣ በራሱ ሙያ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው። ይህ ግን በካሬ የተዋዋለውን ሰውዬ ይመለከት ይሆናል እንጂ በቀን ሒሳብ የሚለስነውን ልጅ አይደለም። እሱ ወይ የእርስዎ ወይ የሰውዬው ሠራተኛ ነው። ማንም የሌለው ሠራተኛ የለም። ታይም ኪፐሩ የልጁን ስም በእርስዎ ዓይነት ኮንትራክተር አቴንዳንስ ላይ እየሞላ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

የጽሑፍ ውል የለውም ለሚሉኝም፣ የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። በቃል ተስማምቶ ቢገባም ሠራተኛ ነው።

ሄልሜቱን በተመለከተ፦ አዋጁ አሠሪውን ነፃ የሚያደርገው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው፤ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ የጣሰ ወይም ሰውነቱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ የገባም እዚህ ይቆጠራል። «መመሪያ ሰጥቻለሁ» የሚል ሰው መቼ፣ ማን፣ ለማን እንደሰጠ ማሳየት አለበት። ያልመዘገበ አሠሪ ፍርድ ቤት ባዶ እጁን ነው የሚቆመው። በዚያ ላይ ለዚህ ልጅ ሄልሜት ወገቡን አያድነውም ነበር። ያወደቀው የጣውላው አንድ ጫፍ ነው።

ሽምግልናን ነውር ያለ ሰው የለም። እኔም አባቴ ሽማግሌ ሆኖ ሲያስታርቅ ነው ያደግሁት። ሽማግሌ ገንዘብ ማስማማት ይችላል፤ የመመዝገብና የማሳወቅ ግዴታን ግን ማንሳት አይችልም፣ እሱ ከልጁ ጋር ብቻ የተገባ ዕዳ አይደለምና። ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጉዳዩ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 543 ይነካል፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን። ያንን ሽማግሌ አይዘጋውም።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ

እህቴ ያለችውን እደግፋለሁ፤ እኔ ካለሁበት በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ሳይት ላይ የወደቀ ሰው ሲመጣ አብረውት የሚመጡት ወይ ፎርማኑ ወይ ጓደኞቹ ናቸው። «ምን ሆነ?» ስንል «ወደቀ» ይሉናል። ካርዱ ላይ «ከከፍታ ወድቆ» ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። የት ወደቀ? ከዛፍ ይሁን ከቤቱ ጣሪያ ካርዱ አይናገርም። አንዳንዴ አብሮ የመጣው ሰው ጭራሽ «ቤቱ ጣሪያ ሲጠግን» ይላል፤ በሽተኛው በሕመም ራሱን አያውቅም፣ ማን ያርመዋል?

ከወራት በኋላ ሰውዬው የጉዳት መጠን ይወሰንልኝ ብሎ ሕክምና ቦርድ ፊት ሲቀርብ የሚታየው ያው ካርድ ነው። ስለዚህ ታይም ኪፐር፣ ለሚስቱ ንገራት። ሐኪሙን «በሥራ ላይ እያለ፣ ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ» ተብሎ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ትጠይቅ። አሁኑኑ፣ ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ። ሲወጣ የሕክምና ማስረጃውን ቅጂ ትያዝ፤ የደረሰኙን ዋናም ለፎርማን አትስጥ።

ሌላም ልበል፣ ከርዕሱ ብወጣም። ወገቡ የተጎዳን ሰው አጥፋችሁ ባጃጅ ውስጥ አትክተቱ! ጣውላ ሞልቶ በተረፈበት ሳይት አንዱን ጣውላ አልጋ አድርጋችሁ፣ አንገቱንና ወገቡን ሳታንቀሳቅሱ፣ ሰፋ ያለ መኪና ጠብቁ። ሕጉም አሠሪው የመጀመሪያ ዕርዳታ በወቅቱ እንዲሰጥና በተገቢ ማጓጓዣ በቅርብ ወዳለ ሕክምና እንዲያደርስ ያዛል። ባጃጅ ለተሰነጠቀ ወገብ ተገቢ ማጓጓዣ አይደለም።

ፌራዮ ነኝ

እትዬ ነርስ፣ እግዜር ይስጥልን። ባጃጁን ግን ማን ሊጠብቅ ብለሽ ነው፤ ሰው እየጮኸ።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ

ገባኝ ጋሼ። ለዚህ ነው ፎርማኑ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት፤ ሰው እየጮኸ የሚማር የለም።

ተቆጣጣሪ የነበርኩ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ላይ ሠርቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ። የኮንትራክተሩን ስጋት አልንቀውም፤ ብዙ ሰው ተቆጣጣሪን እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው የሚያየው።

ተቆጣጣሪ አደጋ ደረሰ ተብሎ ሳይት ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው አደጋ የደረሰበትን ቦታ እንደነበረ ማግኘት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። መወጣጫው ፈርሶ በአዲስ አጣና ተተክቷል፣ ብሎኬቱ ተጠርጓል፣ እማኞቹ ሌላ ሳይት ተልከዋል። ታዲያ ወረቀት ይጠየቃል። የአደጋ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ከባድ ነገር አይደለም፤ የተጎዳው ሰው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ዓይነቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ምን ሲሠራ እንደነበር፣ አደጋው በምን እንደመጣ፣ የትኛው የአካል ክፍል እንደተጎዳ፣ ስንት የሥራ ቀን እንደጠፋ፣ ማን እንዳየ። ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ ወርቁ «በምን እንደመጣ» የሚለው ነው። እዚያ ላይ «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንዳነበብኩ! እሱ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ «ጣውላው በአንድ ጫፍ ብቻ ተመትቶ ነበር፣ መደገፊያ የለውም፣ ሌሊት ዘንቧል፣ ጠዋት ማንም አላየውም» ነው። እንዲህ ከተጻፈ ነገ ሚስማር የሚመታ ሰው ይኖራል። «ጥንቃቄ ጉድለት» ከተባለ ግን ነገም በዚያው ጣውላ ሰው ይወጣል።

ሥራ ይቆማል ለሚባለው፦ አደገኛ የሆነው ቦታ እስኪስተካከል እንዲቆም ሊታዘዝ ይችላል፣ አልክድም። ለአንድ የፈረሰ መወጣጫ ግን ሙሉ ሕንፃ አይዘጋም። አደጋውን ደብቆ የተገኘ ሳይት ላይ ዓይኑ የሚቀላ ተቆጣጣሪ አለ፤ ራሱ ጽፎ ያመጣ አሠሪ ላይ ግን እንዲያ አይደለም። ይህን ከልምድ ነው የምለው።

ፌራዮ ያለውም እውነት አለው። ተቆጣጣሪው ጥቂት ነው፣ መኪና የለውም፣ ከተማው ደግሞ በየቀኑ ወደ ላይ ያድጋል። ስለዚህ ተቆጣጣሪ ራሱ ፈልጎ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጠሪ ያስፈልገዋል። ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመግባት ሥልጣን አለው። የት መግባት እንዳለበት ግን ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

ዴንቨር ያለሁ

እኔ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈውን ላካፍላችሁ። እዚህ ኦሻ የሚባል የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ። ሠራተኛ ከሞተ አሠሪው በ8 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ሆስፒታል ከተኛ፣ አካሉ ከተቆረጠ ወይም ዓይኑ ከጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ። በስልክም ይቻላል። የኛ አገር ሕግ እንዲህ ሰዓት ቆርጦ ቢያስቀምጥ አይሻልም ነበር?

ፍርድ ቤት በር

ጥሩ ነጥብ ነው። አንቀጽ 92(4) ራሱ «በዚህን ያህል ሰዓት ውስጥ» አይልም። አሠሪዎች የሚያመልጡበት አንዱ ቀዳዳ እሱ ነው፤ «እናሳውቃለን፣ ገና ነው» እያሉ። ለሠራተኛው ግን ሰዓት ይቆጥርበታል። በአዋጁ ለብቻው ጊዜ ያልተወሰነለት የሥራ ክርክር በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም ማለት ነው። ሽማግሌ እየተመላለሰ፣ ለበዓል በግ እየተላከ፣ «ትንሽ ቆዩ» እየተባለ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ቢሮዬ የመጡ ሰዎች አሉ። ለሚመለከተው ባለሥልጣን በጽሑፍ ማመልከት ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ይርጋውን ያቋርጠዋል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ግን አያቋርጠውም፤ በጉም እንደዚያው።

ፌራዮ ነኝ

ዴንቨር፣ እዚያ ስልኩን የሚያነሳ ሰው አለ። የኛውን ጠሪ ደግሞ ቀድሞ የሚያባርረው ፎርማኑ ነው።

አበባ ለቃሚ

እኔ ልጠይቅ፣ ከዚህ ጋር ይሄዳል መሰለኝ። በጣና ዳር ካሉት የአበባ እርሻዎች በአንዱ እሠራለሁ። ርጭት ተረጭቶ ገና ሽታው ሳይወጣ ግቡ እንባላለን። አንድ ጠዋት ሴቶቹ ራሳቸውን ሳቱ፣ አንዷ እያስታወከች ወደቀች። ውኃ ጠጡ ተባለ፣ ወተት ተሰጣቸው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ተመለሱ። ይኼ እንደ አደጋ ይቆጠራል? ደም የለው፣ ስብራት የለው።

ተቆጣጣሪ የነበርኩ

እህቴ፣ ይቆጠራል። አደጋ ለመባል ደም አያስፈልገውም፤ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት በድንገት ራሱን ሳተ ማለት ጉዳት ደረሰበት ማለት ነው። የሚዘገየውም፣ ቆዳ የሚያሳክከው፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረው፣ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ከሆነ በዚያው 92(4) ይመዘገባል። አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛን እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ ማስመርመርም የአሠሪው ግዴታ ነው። የሚያስቸግረው በሽታን ከሥራ ጋር ማያያዙ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ምን እንደተረጨ፣ ስንት ሰዓት እንደተረጨና ስንት ሰዓት እንደገባችሁ የያዘ ወረቀት ካለ ቅጂውን ፈልጉ። ከሌለ ራሳችሁ ጽፋችሁ ያያችሁት ሁሉ ፈርሙበት። የመድኃኒቱን ዕቃ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ሐኪም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ወተት ማርከሻ አይደለም፤ ይህን የማይነግራችሁ ሰው የለም ብዬ ነበር የማስበው።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ

ወተቱን በተመለከተ እደግማለሁ፦ አይደለም። ልብሱን አውልቆ በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት መውጣት፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ። ራሷን የሳተችን ደግሞ ምንም አታጠጧት፤ ሳንባዋ ይገባል።

ባለ ጀልባ ነኝ

ለእኛስ? ወደ ዘጌ ቱሪስት የማመላልስ ነኝ። ማዕበል ሲነሳ ከሰዓት በኋላ ጣና ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ረዳቴ ሞተሩ እጁን ቆረጠው።

ፍርድ ቤት በር

ጀልባው የማን ነው? በገዛ ጀልባህ በራስህ ገቢ የምትሠራ ከሆነ አንተ ራስህ ከአዋጁ ውጭ ነህ። ረዳትህ ግን ደመወዝ የምትከፍለው ከሆነ ሠራተኛህ ነው፤ አሠሪው አንተ ነህ፣ መመዝገብም ማሳወቅም ያለብህ አንተ ነህ። መልሱ እንደማያስደስትህ አውቃለሁ።

ባለ ጀልባ ነኝ

ኧረ ወዲያ! አሠሪ ነህ ተብዬ አላውቅም። እሺ፣ በግል እጽፍልሻለሁ።

ታይም ኪፐሩ

ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ፔይሮሉን ስዘጋ በልጁ መስመር ላይ «በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ሕክምና ላይ» ብዬ ጻፍኩ። ፎርማኑ አየው፣ «ማን ጻፍ አለህ?» አለኝ። «የሆነውን ነው የጻፍኩት ጋሼ፤ ካልሆነ እርስዎ በእጅዎ ይቀይሩትና ይፈርሙበት» አልኩት። አልቀየረውም። ገጹን ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ።

ሚስቱ ካርዱ ላይ አስጻፈች፣ ሐኪሙ አላስቸገራትም። ከዚያ ማመልከቻ ጽፈንላት ወደ መምሪያው ሄደች። የመጀመሪያ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። በማግስቱ ተቀብለው በቅጂው ላይ ማኅተም አደረጉላት።

ተቆጣጣሪው መጣ። መወጣጫው እንደተባለው ተቀይሮ ነበር፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ግን ያው የድሮው ነው፤ እሱን ወጥቶ በእግሩ ጫፍ ጣውላውን ሲጫነው ተነሳለት። ምንም አላለም፣ ጻፈ። ወርዶ «የአደጋ መዝገብ» ሲል ፎርማኑ ቢሮ ገብቶ አንድ ደብተር ይዞ ወጣ። የሱቁ ዋጋ ገና ሽፋኑ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። ውስጡ የልጁ ስም ብቻ አለ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት»። ተቆጣጣሪ የነበርክ ወንድሜ፣ አንተን አስታወስኩና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ተቆጣጣሪው አቴንዳንሱንም ጠይቆ የልጁን መስመር አነበበ። ሲሄድ በጽሑፍ ትእዛዝ ሰጣቸው፦ ጣውላ በሁለቱም ጫፍ እንዲመታ፣ የእጅ መደገፊያ እንዲሠራ፣ መዝገቡ በሥርዓት እንዲሞላ። ቀን ቆርጦላቸዋል።

ፎርማኑ ሰላም አይለኝም። ከሥራ ግን እስካሁን አልወጣሁም።

ኮንትራክተር ነኝ አልሸሽም

ሥራው ቆመ?

ታይም ኪፐሩ

የሦስተኛ ፎቅ የውጭ ልስን ብቻ፣ መወጣጫው እስኪስተካከል። አናጢዎቹ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ውስጡ ሥራ አልተቋረጠም።

ኮንትራክተር ነኝ አልሸሽም

እንግዲያስ ይሁን። የኔን ሳይት መወጣጫዎች ዛሬ ሄጄ አይቻለሁ። ሌላ አልናገርም፤ ግን ሰብ ኮንትራክተሮቹም እንዲጠየቁ እፈልጋለሁ። ሁሉ ነገር በእኛ ላይ ብቻ መውደቁ ፍትሐዊ አይደለም።

ፍርድ ቤት በር

ከሰብ ኮንትራክተሩ ጋር በሚፈራረሙት ውል ላይ ያስገቡት፦ አደጋ በደረሰ በዚያው ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ፣ የሠራተኞቹን ሙሉ ስም ዝርዝር በየሳምንቱ እንዲሰጥዎ። ያኔ «ስሙን እንኳ አላውቀውም» ማለት ይቀራል።

ታይም ኪፐር፣ ለአንተ፦ አሠሪው ቅሬታ አቀረብክ ወይም በሙግት ተሳተፍክ ብሎ ቢያሰናብትህ፣ አንቀጽ 26 ይህ ለስንብት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ ይላል። ምክንያቱን ሌላ አስመስሎ ሊጽፈው ስለሚችል ከእንግዲህ የሚሰጥህን ደብዳቤ ሁሉ አስቀምጥ።

ታይም ኪፐሩ

አንድ ጭንቀት ቀርቶኛል። ልጁ ሳይት ላይ የሚጠራው በቅጽል ስሙ ነው፤ ፔይሮሉ ላይም ያው ነው የተጻፈው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ እንዲያ ነው። መታወቂያው ላይ ያለው ስም ሌላ ነው። ጡረታም የተቆረጠለት አይመስለኝም፤ ወገቡ ሙሉ በሙሉ ባይድን ምን ይሆናል?

ፍርድ ቤት በር

ስሙ የተለመደ ችግር ነው፣ አትደናገጥ። አሁኑኑ አብረውት የሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች በቅጽል ስሙ የሚጠራውና መታወቂያው ላይ ያለው አንድ ሰው መሆኑን ጽፈው ይፈርሙ፤ አንተም ፈርም፣ አቴንዳንሱን የምትይዘው አንተ ነህና። ቀበሌው ለመታወቂያው ማረጋገጫ ይሰጣል። ሁለቱን አያይዛችሁ ለተቆጣጣሪው ስጡ፤ ማመልከቻው ፋይል ላይ ይግባ።

የጡረታው ነገር፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተቆረጠ ገብቶለት ከሆነ ፔይሮሉ ላይ ይታያል፤ ያኔ ዘላቂ ጉዳት ቢኖርበት የሚጠየቀው በጡረታ በኩል ነው። ካልተሸፈነ ካሳው አሠሪው ላይ ይወድቃል፤ ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ የአካል ጉዳት ነው ከተባለ የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው፣ ከፊል ከሆነ እንደ መጠኑ። መጠኑን የሚወስነው ሕክምና ቦርድ ነው፤ እሱ ደግሞ ሕክምናው መልክ ሲይዝ ነው የሚታየው፤ አትቸኩሉ፣ ግን ዓመቱ እንዳያልፍባችሁ። የቀን ደመወዙ ስንት ነበር?

ታይም ኪፐሩ

ቁጥሩን እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። የአቴንዳንሱን ፎቶም አብሬ ልኬዋለሁ።

ፍርድ ቤት በር

ደርሶኛል። ፎቶው ከታች በኩል ተቆርጧል፣ ፊርማው ያለበት አይታይም። ደግመህ አንሳው።